ሳይጠሩሽ አቤት አትበይ

ትናንት ማታ ከሥራ ገብተሽ፣ ጫማሽን እንኳ ሳታወልቂ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለሽ ስልክሽ ላይ ስታቀረቅሪ እኔ ሻይ ይዤ ከኋላሽ ቆሜ ነበር። ሰው የሚጽፈውን በትከሻው አሻግሮ ማየት ነውር እንደሆነ እማ አስተምራናለች፤ ግን ዓይኔ አረፈበት። ለሥራ ባልደረቦችሽ የምትልኪውን መልእክት እየጻፍሽ፣ እያጠፋሽ፣ እንደገና እየጻፍሽ ነበር። ሁለት መስመር ነው። የመጀመሪያው «በሞቱት ሰዎች ልቤ አዝኗል» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «እኛ የኢትዮጵያ ሙስሊሞች ግን ሰላማዊ ነን፤ እንደ ዓረቦቹና እንደ ሶማሌዎቹ አይደለንም» ይላል። ሳትልኪው እንቅልፍ ጣለሽ። ጋቢ አልብሼሽ ስልኩን ከእጅሽ ወስጄ ቻርጅ ላይ ሰካሁት።

ይኸው ሱብሒ ሰግጄ፣ ጀበናውን ጥጄ፣ አንቺ እስክትነሺ ይህን እጽፍልሻለሁ። ፊት ለፊት ብነግርሽ ወይ ትቆጪኛለሽ ወይ ታለቅሻለሽ፤ ያኔ እኔም ልናገር ያሰብኩት ይጠፋብኛል። በጽሑፍ ይሻላል።

ከአውቶብስ ውስጥ ደውለሽ የነገርሽኝን ሌሊቱን ሳሰላስለው አደርኩ። የነርሲንግ ሆሙ የእረፍት ክፍል፤ አምስት ሰው ምሳውን ከፍቶ፣ ማይክሮዌቩ እየዞረ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ የጥቃት ዜና። የአጥቂው ስም ሲነበብ ዓይን ሁሉ ከቴሌቪዥኑ ተነሥቶ ሻሽሽ ላይ አረፈ። አንዷ «አንቺስ ስለዚህ ነገር ምን ትያለሽ?» አለችሽ። ማንኪያሽ አየር ላይ ቀረ። ስድስት ወር ሙሉ ከእነዚህ ሰዎች ጋር አልጋ አንጥፈሻል፣ የአዛውንት ጀርባ አጥበሻል፣ አንሶላውን ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብላችሁ በሽተኛ አንሥታችኋል። በአንዲት ጥያቄ ግን ከእነሱ ወገን ወጥተሽ ከገዳዩ አጠገብ ቆምሽ። የሚያመው ይሄ የቦታ ለውጥ ነው። አንቺም እዚያው ባቆሙሽ ቦታ ሆነሽ የመከላከያ መልስ ማርቀቅ ጀመርሽ።

እኔም አድርጌዋለሁ፤ ስለዚህ አልፈርድብሽም። እዚህ አሜሪካ እንደመጣሁ ፓርኪንግ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። የሆነ ቦታ ፍንዳታ ወይም ተኩስ በተሰማ ማግስት፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገብቼ አንድ ካርቶን ዶናት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከወትሮው ይልቅ ፈገግ እላለሁ፤ የማንንም ሺፍት እሸፍናለሁ። አንድ ቀን አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ካርቶኑን አይቶ «ዛሬ ደግሞ የት ነው የፈነዳው?» ብሎ ስልኩን አወጣ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሲደጋገም ጊዜ ለምዶት ነው። ያን ቀን መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ ቆምኩ። ያልገደልኩትን ሰው የደም ካሳ እየከፈልኩ እንደኖርኩ የገባኝ ያኔ ነው። በእኛ አገር ካሳ የሚከፍለው ገዳይና የገዳይ ዘመድ ነው። ካሳ ይዞ የመጣን ሰው ማንም ንጹሕ ነው ብሎ አያስብም። እኔ ንጽሕናዬን ለማሳየት ብዬ የገዳይ ዘመድ መሆኔን በየጊዜው ስፈርም ኖሬያለሁ።

ለዚህ ነው ሳይጠሩሽ አቤት፣ ሳይልኩሽ ወዴት አትበይ የምልሽ። ስትጠየቂ መልሺ፤ ሳትጠየቂ ግን ማስተባበያ ይዘሽ ሰው ደጅ አትቁሚ።

አሁን አንድ ነገር በግልጽ እንነጋገር፤ በጓዳችን ነንና። በሃይማኖታችን ስም ሰው የሚያርዱ፣ ቦንብ የሚያፈነዱ፣ ሕፃን የማይምሩ ሰዎች አሉ። የሉም ብለን አንሸሽም። መስከረም 11 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. ሦስት ሺህ የሚጠጋ ሰው ያለቀው በእንዲህ ዓይነት ሰዎች እጅ ነው። ብዙ ወገኖቻችን «እነሱ ሙስሊም አይደሉም» ብለው ነገሩን እዚያው ይዘጉታል። እኔ እንዲህ ማለት ትቻለሁ። የማንንም እምነት የመሰረዝ ሥልጣን የለኝም፤ ደግሞም ሰሚው እንደ ማምለጫ ነው የሚቆጥረው። ነፍሰ ገዳዮች ናቸው፤ ይበቃል። የነፍሰ ገዳይን ጥፋት ለመናገር የቤተሰብ ምዝገባውን ማጣራት አያስፈልገኝም።

እነዚህ ገዳዮች ከማንም በላይ የሚገድሉት ማንን እንደሆነ ግን ልብ በይልኝ። ጥቅምት 14 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ሞቃዲሾ ውስጥ ፈንጂ የተጫነ የጭነት መኪና በተጨናነቀ መስቀለኛ መንገድ ላይ ፈንድቶ ከ580 በላይ ሰው ጨረሰ። ሚኒባስ ውስጥ የተቀመጠ፣ ሻይ የሚሸጥ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ። ሙስሊሞች ናቸው። ያን ጊዜ እዚህ ሕንፃ ውስጥ ብቻዬን ነበር የምኖረው። ከላያችን ያለችው ሶማሌ ጎረቤታችን፣ በረመዳን ሳምቡሳውን በፎይል ጠቅልላ በር የምታንኳኳው፣ ያን ሌሊት እስኪነጋ ስትንጎራደድ አደረች። ጣሪያችን ስስ ነው፤ እግሯ ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ሲመላለስ ይሰማኛል። ትደውላለች፣ አይነሣም፤ ትደውላለች፣ አይነሣም። ጠዋት ደረጃው ላይ ስንገናኝ ዓይኗ አብጦ «ወንድሜ ተገኘ፤ እግሩ ነው» አለችኝ። ከዚያ ሻሿን አስተካክላ ወደ ሥራ ሄደች። እዚያም የጠበቃት ሰው «አንቺስ ስለዚህ ምን ትያለሽ?» ብሎ ጠይቋት ይሆናል። አንቺ «እንደ ሶማሌዎቹ አይደለንም» ብለሽ የጻፍሽው ስለዚህች ሴት ነው። ሳምቡሳዋን በልተሻል።

ቀላል መስሎሽ ነው፤ አውቃለሁ። ዓረፍተ ነገሩ ለሚናገረው ሰው ምንም ወጪ የሌለው ይመስላል። ሂሳቡን የምትከፍለው ግን ላይኛው ፎቅ ያለችው ናት።

ለራስሽ ጥቅም ብለሽ እንኳ ብታስቢው አያዋጣም። እሳት ካየው ምን ለየው ይላሉ። ከመስከረም 11 በኋላ በአራተኛው ቀን፣ አሪዞና ውስጥ ሜሳ በምትባል ከተማ፣ ባልቢር ሲንግ ሶዲ የሚባል ሰው በነዳጅ ማደያው ፊት ለፊት አበባ እየተከለ ሳለ በጥይት ተገደለ። ጥምጥምና ጺም ነበረው። ገዳዩ ሙስሊም የገደለ መስሎታል። ሶዲ ግን የሲክ እምነት ተከታይ ነበር፤ ሲክ ከእስልምና ጋር የማይገናኝ፣ ራሱን የቻለ የሕንድ ሃይማኖት ነው። ሶዲ ያን ጠዋት «እኛ ሲኮች እንደነሱ አይደለንም» የሚል ወረቀት ደረቱ ላይ ቢለጥፍ ኖሮ ይተርፍ ነበር? ተኳሹ ወረቀት ለማንበብ አልመጣም። ጥርጣሬ እንዲህ ነው፤ መልክ አይቶ ይተኩሳል፣ ዝርዝሩን የሚያጣራው ሟቹ ከተቀበረ በኋላ ነው።

መንግሥትም ያው ነው። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሜሪካ ከ25 አገሮች የመጡ፣ ዕድሜያቸው 16 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ በጊዜያዊ ቪዛ የገቡ ወንዶች እየቀረቡ አሻራ እንዲሰጡና እንዲመዘገቡ አዘዘች። ከሰሜን ኮሪያ በቀር በዝርዝሩ ላይ ያሉት ወይ የዓረብ ወይ ሙስሊም በብዛት የሚኖርባቸው አገሮች ነበሩ፤ ከእኛ ጎረቤቶች ሶማሊያ፣ ሱዳንና ኤርትራ አሉበት። ኢትዮጵያ የለችበትም። እስቲ አስቢው፤ የአሥመራ ልጅ ሆኖ ዐቢይ ጾምን የሚጾም፣ ማዕተብ ያሰረ ተማሪ ተሰልፎ አሻራ ሲሰጥ፣ የደሴ ልጅ የሆነ ሙስሊም ግን ማንም አልጠራውም። ይህን ማጣሪያ የሚሉት ማንን ለማጣራት ነው? ከ80 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ፣ ከ13 ሺህ በላይ የሚሆነው ከአገር የማስወጣት ክስ ተከፈተበት፣ በሽብር ወንጀል የተፈረደበት ግን አንድም አልተገኘም። አሠራሩ በ2011 ቆመ፤ ደንቡ ሙሉ በሙሉ የተሰረዘው በ2016 መጨረሻ ነው። ያን ጊዜ «እኛ ዝርዝሩ ላይ የለንም» ብሎ የተደሰተ የእኛ ሰው እንደነበር ከቀደሙት ሰዎች ሰምቻለሁ። በበኩሌ አፍሬበታለሁ። ዝርዝር የሚያወጣ እጅ ነገ አንድ መስመር ለመጨመር ቀለም አይቸግረውም።

«ታዲያ ይህ ሥዕል በሰው ጭንቅላት ውስጥ ከየት ገባ?» ትዪኝ ይሆናል። ከመስከረም 11 በፊትም ነበረ። ሚያዝያ 19 ቀን 1995 እ.ኤ.አ. ኦክላሆማ ሲቲ ውስጥ የመንግሥት ሕንፃ ሲፈነዳ 168 ሰው ሞተ፤ ከእነዚህ 19ኙ ሕፃናት ናቸው። በዚያው ቀን ብዙው ቴሌቪዥን መካከለኛው ምሥራቅን መጥቀስ ጀመረ። ከኦክላሆማ ወደ ዮርዳኖስ ይጓዝ የነበረ አንድ ዓረብ አሜሪካዊ ለንደን ላይ ተይዞ እንዲመለስ ተደረገ። ትክክለኛው አድራጊ ግን ፍንዳታው በደረሰ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ በትራፊክ ፖሊስ እጅ ገብቶ ነበር። መኪናው ታርጋ ስላልነበረው ነው የቆመው። ቲሞቲ ማክቬይ፣ የአገሩ የቀድሞ ወታደር። ከዚያ በኋላ ነጭ የቀድሞ ወታደር ሁሉ በየሥራ ቦታው የእረፍት ክፍል «አንተስ ስለዚህ ምን ትላለህ?» ተብሎ ተጠየቀ? አልተጠየቀም። መጠየቅም አልነበረበትም። ለእሱ የተሰጠው መብት ለአንቺም ይገባል፤ ከዚህ የበለጠ አንጠይቅም።

ፊልሙንም አትርሺው። ጃክ ሻሂን የሚባሉ፣ ቤተሰባቸው ከሊባኖስ የመጣ አሜሪካዊ ፕሮፌሰር ከ900 በላይ የሆሊውድ ፊልሞችን አንድ በአንድ አይተው በ2001 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አወጡ። ዓረብ በአብዛኞቹ ውስጥ ወይ ቦንብ ያፈነዳል፣ ወይ ሴት ይጠልፋል፣ ወይ ይጮሃል። ዜናው ደግሞ በላዩ ይጨምርበታል፤ በአሜሪካ ከ2006 እስከ 2015 የደረሱ ጥቃቶችን ያጠኑ ተመራማሪዎች አጥቂው ሙስሊም ሲሆን የሚሰጠው የዜና ሽፋን ከሌላው ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ አግኝተውታል። ያቺ የጠየቀችሽ ባልደረባ ይህን ሁሉ ከልጅነቷ ጀምሮ ስትጋተው ኖራለች። በሕይወቷ በቅርብ ያወቀቻት ሙስሊም ምናልባት አንቺ ብቻ ነሽ። ይህን የምነግርሽ ጥያቄዋ ልክ ነው ለማለት አይደለም፤ ጥላቻ ካለበት ሰው ለይተሽ እንድታያት ብዬ ነው። ሳታውቅ የምትጠይቅና አውቆ የሚወጋ አንድ አይደሉም። ለመጀመሪያዋ ጊዜ ስጪያት። ለሁለተኛው ማስታወሻ ደብተር ያዢለት፤ እሱን በኋላ እነግርሻለሁ።

ነገሩ የፈረንጅ ብቻ እንዳይመስልሽ ደግሞ የቤታችንን ላንሣ።

በ2004 ዓ.ም. ሙስሊሙ «ድምፃችን ይሰማ» እያለ አንዋር መስጂድ ላይ በየጁሙዓው ሲቆም፣ ጥያቄው መንግሥት በሃይማኖታችን ጉዳይ አይግባ፣ መጅሊሱን ራሳችን እንምረጥ የሚል ነበር። ይህን ጥያቄ ያቀረበው የሙስሊሙ ኮሚቴ አባላት ሐምሌ ላይ ታሰሩ፤ የተከሰሱት በጸረ ሽብር አዋጁ ነው። ጥር 2005 ላይ ጉዳያቸው ገና ፍርድ ቤት እያለ የመንግሥት ቴሌቪዥን «ጅሃዳዊ ሐረካት» የሚል ፊልም ለአገር ሁሉ አሳየ። ሐምሌ 2007 ላይ ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። የመጨረሻዎቹ የተፈቱት የካቲት 2010 ነው። ያ አዋጅ ራሱ በ2012 በሌላ ተተካ። መስጂዳችን አስተዳዳሪውን ይምረጥ ያለ ሰው በአንድ ሌሊት ፊልም አሸባሪ ሆኖ ሲያድር አየን። ፈራጁም የተፈረደበትም የአንድ አገር ልጅ ነበር፤ ቋንቋውም አማርኛ።

ፊልሙ በታየ ማግስት ደሴ የሆነውን ለእኔ በስልክ የነገረችኝ እማ ናት፤ አንቺ ግን በዓይንሽ አይተሻል። አባ እንደ ወትሮው ሱቁን ከፈተ። ሰዉ በሩ ላይ ሲደርስ እርምጃውን ያፈጥናል። ስኳር የሚገዙት ሌላ ሱቅ ሄደው ገዙ። ያን ጊዜ የማዶው ጎረቤታችን፣ የቄስ ልጅ የሆኑት ሽማግሌ፣ ከቤታቸው የሳር ወንበራቸውን ይዘው መጥተው ሱቁ በር ላይ ቁጭ አሉ። ቀኑን ሙሉ። የሚያልፈውን ሁሉ ሰላም ይላሉ፤ ሰላምታቸውን ለመመለስ የቆመ ሰው መቼም ሳይገዛ አይሄድም። ምሳቸውን እዚያው አስመጥተው በሉ። ማታ ወንበራቸውን አንሥተው «ደህና እደር» ብለው ሄዱ። ስለ ፊልሙ አንድ ቃል አልተነፈሱም። አንቺ ነሽ ከዓመታት በኋላ ይህን ስትነግሪኝ «አባ ያን ማታ ሲሰግድ ሱጁድ ላይ ቆየ» ያልሽኝ።

እኒያ ሰው «ይሄኛው ጥሩ ሙስሊም ነው፣ እንደ ታሰሩት አይደለም» ብለው ለአላፊው ቢያስረዱ ኖሮ አባ ስኳሩን ይሸጥ ነበር፤ የታሰሩት ግን በእኛ ሱቅ በር ላይ ዳግመኛ ይፈረድባቸው ነበር። እሳቸው ወንበር ብቻ አመጡ። እኔ ካየሁትና ከሰማሁት ሁሉ ይህን የሚያህል መልስ አላውቅም።

ሌላም አለ፤ እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽ። ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. አይሲስ ሊቢያ ውስጥ ወንድሞቻችንን፣ ክርስቲያን ናችሁ ብሎ፣ ያረደበትና የረሸነበት ቪዲዮ የወጣ ዕለት። ሠላሳ የሚጠጉ ልጆች። የቂርቆስ ሰፈር ልጆችም ነበሩባቸው። እዚህ ያለን ሐበሾች አንድ ቤት ተሰብስበን ለቅሶ ተቀመጥን። እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ ከሥራ በቀጥታ ሄድኩ። በባሕር አቋርጠው ሊሻገሩ የነበሩ የድሃ ልጆች ናቸው፤ የአክስታችን ልጅ በዚያው መንገድ ሄዶ ለወራት ድምፁ እንደጠፋ አንቺም ታውቂያለሽ። ሳሎኑ ውስጥ ስገባ ወሬው ተቋረጠ። ከወንበሩ ጥግ አንዲት ሴት፣ ስንት ዓመት ቡናዬን የጠጣች፣ «አንቺም መጣሽ?» አለችኝ።

እኔም መጣሁ። እንባዬን እንኳ የማፈስበት ወገን ስፈልግ ፊቴ ላይ የጠየቀኝ ሰው ነበረ። ያን ቀን ማስተባበያ አላቀረብኩም። «አዎ መጣሁ» ብዬ ከአጠገቧ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ትንሽ ቆይታ እሷም እጄን ያዘች። ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ ግን እስክንነሣ አልለቀቀችኝም። ዛሬም ድረስ እንጠያየቃለን። ከዚያ ቀን የተማርኩት ይህ ነው፤ ሐዘንሽን እንደ ሰው ካቀረብሽው ሰው ይቀበለዋል፣ እንደ ተከሳሽ ካቀረብሽው ግን እንደ ተከሳሽ ይመረምረዋል።

«እኛ እኮ የነጃሺ አገር ሰዎች ነን» የምትዪውን ነገርም ሰምቼሻለሁ። እኔም እኮራበታለሁ። ግን ታሪኩን እንደገና አስቢው። መካ ላይ ስማቸው የጠፋ፣ አባቶቻችንን የሚሰድቡ ከሃዲዎች ናቸው የተባሉ ሙስሊም ስደተኞች ባሕር ተሻግረው ወደ አገራችን መጡ። ከኋላቸው የቁረይሽ መልእክተኞች ስጦታ ይዘው «እነዚህን አስረክበን» ብለው ደረሱ። ንጉሡ ነጃሺ ሰዎቹን ሳልሰማ አሳልፌ አልሰጥም አለ፤ ከስደተኞቹ ጀዕፈር የሚባለው ቆሞ ተናገረ፣ ከሱረቱ መርየምም አነበበ፣ ንጉሡም ስጦታውን መለሰ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የተጠረጠሩት ባዕዶቹ ናቸው። የነጃሺ አገር ሰው ነኝ የሚል፣ ሶማሌዋን በስጦታ ለውጦ አሳልፎ ሊሰጣት አይችልም። ስጦታው የባልደረቦችሽ ፈገግታ ቢሆንም።

አሁን ወደ ተግባሩ ልውሰድሽ፤ እንጀራሽ ነውና።

ሻሽሽን በተመለከተ፤ አሠሪሽ ከባድ ችግር እንደሚያስከትልበት ካላሳየ በቀር ለሥራ ብሎ አውልቂ ሊልሽ አይችልም። በ2008 እ.ኤ.አ. ኦክላሆማ ውስጥ ተልሳ ከተማ፣ ሳማንታ ኢላውፍ የምትባል የ17 ዓመት ልጅ በሻሿ ምክንያት አበርክሮምቢ የሚባለው የልብስ ሱቅ ሳይቀጥራት ቀረ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደርሶ ሰኔ 1 ቀን 2015 ዳኞቹ ስምንት ለአንድ በሆነ ድምፅ ለእሷ ፈረዱ። ሕጉ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። አንቺን ለሚያስጨንቅ ሱፐርቫይዘር ይህን ሁሉ መተንተን አይጠበቅብሽም፤ ግን ልብሽ ውስጥ ይኑር፣ ወገብ ያቀናል።

ማስታወሻ ደብተር ያልኩሽ ደግሞ ይህ ነው። አንድ ሰው በሃይማኖትሽ ቢሰድብሽ፣ ቢቀልድብሽ፣ ሺፍትሽን ቢቆርጥብሽ፣ በዚያው ማታ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተባለውን ቃል እንደተባለ፣ ማን እንደሰማ ጻፊ። አንቺ በአማርኛ ጻፊው፣ እንተረጉመዋለን። መጀመሪያ ለኤች አር በጽሑፍ አመልክቺ። ካልሰሙሽ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን የሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት አለ፤ አቤቱታ የሚቀበለው በደሉ ከደረሰ በ180 ቀን ውስጥ ነው፣ የግዛቱ የራሱ ተመሳሳይ መሥሪያ ቤት ባለበት ቦታ እስከ 300 ቀን ይደርሳል። የእኛ ሰው «ይለፈኝ» እያለ ቀኑ ያልፍበታል። አንቺ እንዳታሳልፊ።

ኤርፖርት ላይ ብትጠሪ አትደንግጪ። ሻሽሽን እንዳስስ ካሉሽ ሴት ፈታሽ፣ በተለየ ክፍል ብለሽ ጠይቂ፤ መብትሽ ነው። በየጉዞው የሚያስቆሙሽ ከሆነ፣ ቦርዲንግ ፓስሽ ላይ አራት ጊዜ ኤስ የሚል ፊደል ከታተመ፣ ለአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ዲኤችኤስ ትሪፕ በሚባለው መንገድ አመልክተሽ ቁጥር ታገኛለሽ፤ ከዚያ ወዲያ ቲኬት ስትቆርጪ ቁጥሩን ታስገቢያለሽ። በቃ፤ ከዚህ በላይ ስለ ኤርፖርት አንጨነቅም።

በቀልድ ላይ ግን ጠንከር እልሻለሁ። «ቦርሳሽ ውስጥ ምን አለ?» ብሎ የሚስቅ ሰው ይኖራል። አብረሽ አትሳቂ። መቆጣትም አይጠበቅብሽም፤ ፊቱን እያየሽ «አልገባኝም፣ ምን ማለትህ ነው?» በዪው። እንዲያብራራ ሲጠየቅ ቀልዱ አፉ ውስጥ ይደርቃል። ይህንን በደንብ ሞክሬዋለሁ። አብረሽ ከሳቅሽ ግን በሚቀጥለው ቀን ሌላ ሰው ላይ ይናገረዋል፣ «እሷ እንኳ ትስቃለች» እያለ።

በእኛም ምላስ ላይ እንጠንቀቅ። የተጎዳ ሰው መልሶ መጉዳት ይቀለዋል። እዚሁ ሳሎን ውስጥ፣ ኢድ ማታ፣ ስለ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በጅምላ የተነገረ ነገር ሰምቼ ዝም ያልኩበት ቀን አለ። ዝምታዬ ያሳፍረኛል። «እነሱ ሁሉ» የሚል ቃል ከዚህ ቤት እንዳይወጣ አንቺ ታናሽ ሆነሽ ብትገሥጪኝ እቀበልሻለሁ።

እንግዲህ ባልደረባሽ ነገም ብትጠይቅሽ ምን ትያለሽ? የልብሽን በይ። «አዝኛለሁ። የሞቱትን ሰዎች ሳስብ እንቅልፍ አልወሰደኝም።» ከዚያ ዝም በይ። ዝምታው ቢከብድሽም አትሙዪው። እሷ «ሃይማኖታችሁ ግን...» ካለች «እሱን መጠየቅ ከፈለግሽ ምሳ ሰዓት ቁጭ ብለን እነግርሻለሁ፤ ለዚህ ሰው ግን እኔ ተጠያቂ አይደለሁም» በያት። ድምፅሽን ከፍ ሳታደርጊ። እንግሊዝኛሽ ይበቃል፤ ትናንት ማታ አይቼዋለሁ።

ላይኛዋ ጎረቤታችን ዛሬ ከሥራ እረፍቷ ነው። ዜናውን እሷም ሰምታለች፤ ሌሊቱን እግሯ ሲመላለስ ነበር። ቡናው ሲፈላ ጠርቻት አብረን እንጠጣለን፤ ሲኒ ሦስት አውጥቻለሁ።

ስልክሽ ቻርጅ ላይ ነው፤ መልእክቱ እንዳለ አለ። ስትነሺ ክፈቺውና ሁለተኛውን መስመር አጥፊልኝ። የመጀመሪያውን ላኪው።